የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር የጎደለው የሕይወት ታሪክ፦ የበዓሉ ግርማ ጉዳይ

በቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ የታወቀ ወግ አለው። «አቶ እገሌ ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት በዚህ አውራጃ፣ በዚህ ዓመተ ምሕረት ተወለዱ» ብሎ ይጀምራል፤ «ዕድሜያቸው ለትምህርት እንደደረሰ» ብሎ ትምህርት ቤቱን ያስከትላል፤ ሟቹ የሠሩባቸውን መሥሪያ ቤቶችና የደረሱበትን የኃላፊነት ደረጃ በተርታ ይቆጥራል፤ ጠባያቸውን በሦስት አራት ቃል ያወድሳል፤ «ባለትዳርና የልጆች አባት ነበሩ» ይላል፤ ከዚያም «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ» ብሎ ይዘጋል። ለዘመድና ለወዳጅ ይህን ጽሑፍ ደጋግሜ ስላዘጋጀሁ የቱ ላይ እንደሚያስቸግር አውቃለሁ። የሚያስቸግረው መጀመሪያው ነው። ትልልቆቹ ሰዎቻችን የተወለዱበትን ዘመን በጦርነት ወይም በአንድ ክፉ ቀን ስለሚያስታውሱት፣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ በዓመቱ ይከራከራል። መጨረሻውን ግን የሚጠይቅ የለም፤ ድንኳን ተተክሎ ሰው እያለቀሰ ስለ መጨረሻው ምን ተብሎ ይጠየቃል?

በዚህ ጽሑፍ የምመለከተው ጉዳይ ይህ ነገር የተገለበጠበት ነው። ጋዜጠኛ፣ የመንግሥት ባለሥልጣን፣ ደራሲ፣ ባልና የሦስት ልጆች አባት የነበረው በዓሉ ግርማ የት እንደተማረ፣ ምን እንደሠራ፣ ምን እንደጻፈ በሚገባ ይታወቃል። የሕይወት ታሪኩን ለመጻፍ የተቀመጠ ሰው ብዕሩን የሚያቆመው መዝጊያው ላይ ሲደርስ ነው። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም፤ አስከሬኑ አልተገኘም፤ መቃብር የለውም። እንዲህ ያለውን ሰው በምን ቋንቋና በምን ሥርዓት ማስታወስ እንደሚቻል ነው ጥያቄው። መልሱን ለመፈለግ ግን መጀመሪያ ሰውየው ከጋዜጣ ወደ ሹመት የሄደበትን መንገድ ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በእኔ አስተያየት መጥፋቱን ያስከተለው ነገር ያለው እዚያ መንገድ ላይ ነው።

ከሱጴ እስከ ዋና አዘጋጅነት

በዓሉ በ1931 ዓ.ም. ገደማ በኢሉባቦር፣ ሱጴ በሚባለው አገር ተወለደ። አባቱ በዚያ አካባቢ ይነግዱ የነበሩ ሕንዳዊ ነበሩ፤ እናቱ ኢትዮጵያዊት ናቸው። «ግርማ» የሚለው የአባት ስም ከወላጅ አባቱ የመጣ አይደለም፤ ስለዚህ የወጉ የመጀመሪያ ሐረግ፣ «ከአባታቸው ከአቶ» የሚለው፣ በእርሱ ላይ ገና ከመነሻው ማብራሪያ የሚፈልግ ነው። ልጅነቱን በሱጴ ጀምሮ ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ በጄኔራል ዊንጌት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማረ፤ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በፖለቲካ ሳይንስና በጋዜጠኝነት ሁለተኛ ዲግሪውን ሠራ። ከኢሉባቦር ገጠር ተነሥቶ እዚያ መድረስ በዚያ ዘመን ለጥቂት ልጆች ብቻ የተከፈተ በር ነበር፤ በአዳሪ ትምህርት ቤትና በነጻ ትምህርት ዕድል የሚገባበት በር።

ከተመለሰ በኋላ ያለው የሥራ ዝርዝር ረጅም ነው። መነን መጽሔትን አዘጋጀ፤ በእንግሊዝኛ ይታተም የነበረውን አዲስ ሪፖርተርን መራ፤ በየዛሬይቱ ኢትዮጵያ፣ በኢትዮጵያን ሄራልድና በአዲስ ዘመን በአዘጋጅነት ሠራ። አዲስ ዘመን በ1933 ዓ.ም. ከጣሊያን ወረራ ማግሥት የተመሠረተ፣ ስሙንም ከዚያው ነጻነት ያገኘ ጋዜጣ ነው፤ ሄራልድም ሁለት ዓመት ቆይቶ ተከተለው። በሁለቱም ቋንቋ እነዚህን ጋዜጦች ለመምራት የበቃ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ዘገባው አጭርና ጥርት ያለ፣ ልብ ወለዱ ከመንገድ የተለቀመ የሚመስል ቃለ ምልልስ የሞላበት የሆነው ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ በእንግሊዝኛ ሲያዘጋጅ የለመደውን ቁጥብነት በአማርኛ ሲጽፍም አልጣለውም።

ጋዜጠኛው ባለሥልጣን ሆነ ሲባል

«ጋዜጠኝነቱን ትቶ ወደ መንግሥት ሥራ ገባ» የሚለው አባባል በእኛ አገር ታሪክ ላይ እንዳለ ሊቀመጥ አይችልም። በሌላ አገር ጋዜጠኛ ባለሥልጣን ሲሆን የሚሻገረው ድልድይ አለ፤ ትናንት ይጠይቃቸው ከነበሩት ሰዎች ጋር ዛሬ አብሮ ይቀመጣል። በንጉሡም ሆነ በደርግ ዘመን የኢትዮጵያ ዐበይት ጋዜጦች የመንግሥት ንብረት ነበሩ፤ አዘጋጁ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ተቀጣሪ ነበር፤ ደመወዙን የሚከፍለው፣ የሚያዛውረው፣ የሚሾመውና የሚሽረው ያው ሚኒስቴር ነበር። በዓሉ በደርግ ዘመን የማስታወቂያና የመርሐ ብሔር ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ፣ ማለትም ከሚኒስትሩ ቀጥሎ ያለ ኃላፊ፣ ሲሆን ከአንድ ቤት ወጥቶ ሌላ ቤት አልገባም። እዚያው ቤት ውስጥ ካንዱ ክፍል ወደ ሌላው አለፈ ማለት ይሻላል።

ነገር ግን ክፍሉ ልዩነት አለው። አዘጋጅ ቢያንስ በመርሕ ደረጃ ከሆነው ነገር ይነሣል፤ ቋሚ ተጠሪ የሚነሣው መባል ካለበት ነገር ነው። ሳንሱርም የዚያው ሚኒስቴር አንድ ክፍል ነበር። መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው መጽሐፍ የሚመረመርበትን መሥሪያ ቤት ከሚመሩት አንዱ ሆነ ማለት ነው። ይህን ሳስብ ወደ መጀመሪያው ልብ ወለዱ፣ በ1962 ዓ.ም. ወደ ወጣው ከአድማስ ባሻገር እመለሳለሁ። የዚያ መጽሐፍ ዋና ሰው አበራ ወርቁ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ነፍሱ ያለችው ግን በሥዕል ላይ ነው። ቤተሰብ ወንበሩን እንዳይለቅ ይመክረዋል፤ እርሱ ደግሞ ወንበሩ ነፍሱን እየበላበት እንደሆነ ይሰማዋል። በዓሉ ያን ጊዜ ገና ወጣት አዘጋጅ ነበር። ሰዎች መጽሐፉን የፍቅር ታሪክ አድርገው ያስታውሱታል፤ እኔ የቢሮ ታሪክ አድርጌ ነው የማነበው። ደሞዝ፣ ማዕረግ፣ የቤተሰብ ተስፋና የገዛ ራስ ጥሪ እንዴት እንደሚጋጩ አሥር ዓመት ቀድሞ ለራሱ ጽፎታል።

በዓሉ ግን አበራ ወርቁ የተቸገረበትን ምርጫ አልመረጠም። ሁለቱንም ያዘ። ቀን ቀን በሚኒስቴሩ እየሠራ መጻፉን ቀጠለ፤ «የቀይ ኮከብ ጥሪ» እና «ደራሲው» የተባሉት ልብ ወለዶቹ በ1972፣ «ሐዲስ» በ1975 ዓ.ም. ወጡ። ሐዲስ በ1966 ካሳተመው የህሊና ደወል የተስፋፋ ነው፤ ትምህርት ቤት ለመሥራት የሚለፋ አስተማሪን ይዞ ወደ ትውልድ አገሩ ወደ ኢሉባቦር የተመለሰበት ሥራ ነው። ባለሥልጣን ሆኖ ሳለ በሦስት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ማሳተም ለሰዓት አጠቃቀሙ ትልቅ ምስክር ነው፤ ቤተሰቡ ከዚያ ሰዓት ምን ያህሉን እንደሰጠው ግን በመጻሕፍቱ ሽፋን ላይ አይጻፍም። ደራሲ አባት ያለበት ቤት የሚያውቀው ነገር ነው፤ አባት እቤት አለ፣ ግን በሩ ተዘግቷል።

አስመራና ኦሮማይ

ጥር 1974 ዓ.ም. መንግሥት የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻን አስመራ ላይ ከፈተ። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ራሳቸው ወደ አስመራ ሄዱ፤ የመንግሥቱ ሥራ ከፊሉ ለተወሰነ ጊዜ አብሮ ወደዚያ ተዛወረ። «ሁለገብ» የተባለው ከጦርነቱ ጎን የፋብሪካዎች ጥገናን፣ የአስተዳደርና የቅስቀሳ ሥራን ስለሚጨምር ነው። ዘመቻው የኤርትራን ጦርነት የመጨረሻ ምዕራፍ ይዘጋል ተብሎ ታወጀ። የአማፅያኑ ምሽግ የነበረችው ናቅፋ ግን አልተያዘችም፤ በተራሮቿ ላይ ብዙ ሺህ ወጣት አለቀ፤ የተዘጋ ምዕራፍም አልነበረም።

በዓሉ በዚህ ዘመቻ የማስታወቂያ ሥራ ውስጥ ነበረ። እዚህ ላይ ነው የዚህ ጉዳይ ዋና ነገር ያለው። በሹመቱ ምክንያት ተራ ጋዜጠኛ ሊገባበት የማይችል ስብሰባ ገባ፤ ተራ ጋዜጠኛ ሊያየው የማይችለውን ሰው በቅርብ አየ፤ ዕቅዱ ሲነደፍም ዕቅዱ ሲከሽፍም እዚያው ነበረ። ሥልጣኑ ያን በር የከፈተለት አይቶ ዝም እንዲል፣ ወይም አይቶ የታዘዘውን እንዲያውጅ ነበር። ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ በዘጋቢነትና በአዘጋጅነት የሰላ ዓይን ግን ከወንበር ጋር አብሮ አይሻርም። ያየውን ያዘ፤ ጻፈው።

በ1975 ዓ.ም. ኦሮማይ የተባለው ልብ ወለዱ በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በኩል ታትሞ ወጣ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጸጋዬ ኃይለ ማርያም ጋዜጠኛ ነው፤ ለዘመቻው የፕሮፓጋንዳ ሥራ ወደ አስመራ ይላካል፤ አዲስ አበባ ላይ እጮኛ ትቶ እዚያ ፊያሜታ የምትባል ሴት ይወዳል፤ በመጨረሻም ናቅፋ ተራራ ላይ የሚሆነውን ያያል። የመጽሐፉ ስም አስመራ ውስጥ ከጣሊያንኛ ተወስዶ ይነገር የነበረ ቃል ነው፤ አበቃ፣ አከተመ፣ ከእንግዲህ ዋጋ የለውም እንደማለት ነው። መንግሥት «ድል» ብሎ በሰየመው ነገር ላይ አንድ የመንግሥት ባለሥልጣን «አከተመ» የሚል ርእስ ሰጠው። ገጾቹን ባይገልጥ እንኳ ርእሱን ያነበበ የደርግ ሰው ሊቆጣ ይችል ነበር፤ ገልጦ ያነበበ ደግሞ ስማቸው ቢለወጥም የሚያውቃቸውን ባለሥልጣናት፣ ምናልባትም ራሱን፣ አገኘ።

ብዙ ጊዜ «እንዴት ደፈረ?» ተብሎ ይጠየቃል። ጥያቄው ጀግንነቱን ለማድነቅ ይመቻል፤ ለመረዳት ግን ብዙም አይረዳም። ለእኔ የሚታየኝ ድፍረት ከመሆኑ በፊት ልማድ መሆኑ ነው። አንድ ዘጋቢ ያየውን ወደ ጽሑፍ ሳይለውጥ መተኛት ያቅተዋል። በዓሉ ያየውን በጋዜጣ ሊያወጣው አይችልም ነበር፤ ጋዜጣውን በበላይነት ከሚጠብቁት ሰዎች አንዱ ራሱ ነበረና። የቀረው መንገድ ልብ ወለድ ነበር። ኦሮማይን የሚያነብ ሰው ልብ ወለዱ ውስጥ የተደበቀውን ዘገባ ማየት አይቸግረውም፤ የስብሰባው ውሎ፣ የአስመራ መንገዶችና ቡና ቤቶች፣ የማን አለባበስ እንዴት እንደነበር፣ ማን ምን ሲባል ዝም እንዳለ የተመዘገበው አንድ ወንበር ኋላ ቁጭ ብሎ በሚጽፍ ሰው እጅ ነው።

ከመጽሐፉ እስከዚያ ምሽት

መጽሐፉ ብዙም ሳይቆይ ታገደ፤ ቅጂዎቹ ከመደብር ተሰበሰቡ፤ የቀሩት ከእጅ ወደ እጅ በድብቅ ይዞሩ ጀመር። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። ይህ ስንብት በሌላ አገር ከሚሆነው የከፋ የሆነበት ምክንያት ከላይ የተናገርኩት ነው፤ ሁሉም ክፍል የአንድ ቤት ስለነበረ፣ ከወንበሩ የተባረረ ባለሥልጣን ወደ ጋዜጠኝነቱ ልመለስ ቢል የሚመለስበት ጋዜጣ የለም። አሳታሚው የመንግሥት፣ ሬዲዮው የመንግሥት፣ ጋዜጣው የመንግሥት ነው። ሦስት ልጆች ያሉት፣ በአርባዎቹ አጋማሽ ላይ የነበረ፣ የአገሪቱን ዐበይት ጋዜጦች የመራ ሰው እቤቱ ተቀመጠ።

የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ማክሰኞ ነበር። በዚያ ዕለት ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ቮልስዋገን መኪናው ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ፣ ቃሊቲ አካባቢ ቆማ ተገኘች። በመንግሥት የጸጥታ ሰዎች እጅ እንደጠፋ በሰፊው ይታመናል፤ ተገድሏል ብሎ የማያምን አንባቢም አላውቅም። ከእምነቱና ከግምቱ ውጪ በእጅ የሚያዘው ግን ቀኑ፣ መንገዱና መኪናዋ ብቻ ናቸው። በዓሉ የመራቸው ጋዜጦች በዚያ ዘመን የአንድን ሰው መሰወር የሚዘግቡ ጋዜጦች አልነበሩም። ከሰባት ወር በኋላ፣ መስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመትና የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ምሥረታ በታላቅ ድምቀት ሲከበር፣ ያንን ድምቀት የማሰማቱ ሥራ የወደቀው በዓሉ በለቀቀው ሚኒስቴር ላይ ነበር።

መርዶ ያልተነገረው ቤት

እኛ ዘንድ ሞት በሰው በኩል ነው የሚደርሰው። መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ቤተ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ፊት ቀድሞ ነው፤ ለቅሶው የሚጀመረው ያ ሰው አፉን ሲከፍት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ መንገዱን ያውቃል። እድር ድንኳኑን ይተክላል፣ ወንበሩን ያወርዳል፤ ጎረቤት ንፍሮውንና እንጀራውን ያመጣል፤ ሦስተኛው ቀን፣ አርባው፣ ሙት ዓመቱ በየተራ ይመጣሉ፤ ጥቁር የሚለበስበትም ጥቁር የሚወልቅበትም ቀን አለው። ይህ ሥርዓት ሐዘንን አያጠፋም፤ መያዣ ግን ያበጅለታል። የጠፋ ሰው ቤት ይህ ሁሉ የለም። መርዶ ነጋሪ የለም፤ ምክንያቱም የሚያውቀው አይናገርም፣ የሚናገረው አያውቅም። ድንኳን መትከል «ሞቷል» ብሎ መወሰን ነው፤ አለመትከል ደግሞ ሐዘንን በሆድ ይዞ መኖር ነው። በደርግ ዘመን ደግሞ በመንግሥት እጅ ለሞተ ሰው በግልጽ ማልቀስ ራሱ አደገኛ እንደነበረ የዚያ ትውልድ ቤተሰብ ሁሉ ያውቃል።

ሕጉም ቢሆን ለእንዲህ ያለው ቤት ያዘጋጀው መንገድ ቀዝቃዛ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንድ ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ፣ ጉዳዩ ያገባኛል የሚል ሰው መጥፋቱ እንዲታወጅ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል ይላል። ውሳኔው የጸና እንደሆነ ጋብቻው ይፈርሳል፤ የንብረቱም ጉዳይ መልክ ይይዛል። አንቀጹ የተጻፈው ባሕር ተሻግሮ ወይም በረሃ ገብቶ የቀረውን ሰው በማሰብ ይመስላል፤ መንግሥት ራሱ ያጠፋዋል ተብሎ የሚጠረጠረው ሰው ሚስት እዚያው መንግሥት ፍርድ ቤት ቀርባ «ባሌ ጠፍቷልና ጠፍቷል በሉልኝ» ብላ ማመልከቷን አላሰበም። ቋንቋው ራሱ ይከብዳል፤ «ጠፋ» በአማርኛ በሬ ሲጠፋም፣ መብራት ሲጠፋም፣ ሰው ሲጠፋም አንድ ቃል ነው።

ከ1983 ዓ.ም. የሥርዓት ለውጥ በኋላ በተመሳሳይ መንገድ የተወሰዱ ሌሎች ሰዎች ተገኙ። በ1971 ዓ.ም. ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የተወሰዱት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ አጽማቸው በ1984 ተገኝቶ በክብር ተቀበረ፤ የፓትርያርኩ የአቡነ ቴዎፍሎስም እንዲሁ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ከወጡ ከዓመታት በኋላ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፉ። ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቁሞ የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት በ1987 ተጀመረ፤ በ1999 ጥፋተኛ ተባሉ። ደርግ የሚያደርገውን በደብዳቤ የሚያደርግ መንግሥት ስለነበረ፣ ፊርማና ማኅተም ያለባቸው ወረቀቶች ለብዙ ቤተሰብ መርዶ ነጋሪ ሆኑ፤ ዘግይቶም ቢሆን ድንኳን የተከለ ብዙ ነው። የበዓሉ ቤት ግን ያ ቀን አልመጣለትም።

በመቃብር ቦታ የቆመው

መቃብር የሌለው ሰው የሚታሰብበት ሌላ ቦታ ይፈልጋል። በበዓሉ ጉዳይ ያንን ቦታ የያዙት ሁለት ናቸው። አንደኛው አንባቢው ነው። ኦሮማይ ከደርግ ውድቀት በኋላ እንደገና ታትሞ ዛሬም ከመጽሐፍ አዟሪዎች እጅ አይጠፋም፤ መጽሐፉ ሲነሣ ያ ምሽት አብሮ ይነሣል። በ2017 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ በእንግሊዝና በአሜሪካ ታትሟል። አንባቢ «አቶ በዓሉ» ብሎት አያውቅም፤ «በዓሉ» ብቻ ነው፣ እንደ ወንድም። ደግሞም ስለ ደራሲ ስናወራ ቋንቋችን አንድ ደግ ነገር ያደርጋል፤ «በዓሉ እንዲህ ይላል» እንላለን፣ ባሁን ጊዜ ግሥ። ሰዎች ስሙን ጠርተው «ነፍስ ይማር» ሊሉ አፋቸውን ይከፍቱና አንዳንዴ ግማሽ ላይ ሲያመነቱ አይቻለሁ። «ይላል» ሲሉ ግን አያመነቱም።

ሁለተኛው ቤተሰቡ ነው። በስሙ ፋውንዴሽን አቋቁመው ሥራዎቹንና ታሪኩን ለትውልድ ለማቆየት ይሠራሉ። ይህን ስመለከት የሚገርመኝ የሚያደርጉት ነገር ባሕርይ ነው። ተራው ቤተሰብ የአባቱን ሰነድ የሚያወጣው አንዴ ነው፤ የሕይወት ታሪኩ ለቀብር ሲዘጋጅ ከሣጥን ዲፕሎማው፣ የሹመት ደብዳቤው፣ የሠርጉ ፎቶግራፍ ይወጣል፤ ተነብቦ ሲያበቃ ይመለሳል። የጠፋ ሰው ቤተሰብ ያንን ሣጥን መዝጋት አይችልም። መጠየቅ ሥራው ይሆናል፤ ማን አየው፣ መጨረሻ ላይ ከማን ጋር ታየ፣ መኪናዋን ማን አገኛት። እነዚህ የዘጋቢ ጥያቄዎች ናቸው። ልጆቹ የአባታቸውን ሙያ ሳይመርጡት ወረሱት።

የቤት ሰውነቱ በአደባባይ ታሪኩ ውስጥ ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር የሚታለፍ ነው፤ «ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት»። እኔም ከዚህ ብዙ ልጨምር አልችልም፤ የቤታቸው ነገር የቤታቸው ነው። አንድ ነገር ግን ከጉዳዩ ራሱ ይወጣል። ኦሮማይን ሲያሳትም ሥራውን ሊያጣ እንደሚችል ያላወቀ አይመስለኝም፤ የሚሠራበትን ቤት ከማንም በላይ ያውቀዋልና። ያን ዋጋ ግን ብቻውን አልከፈለም። ለሚያደንቀው አንባቢ መጽሐፉ ቀርቶለታል። ለቤተሰቡ ግን መጽሐፉ ያ ሰው የተወሰደበት ምክንያትም ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ መኖር ምን እንደሚመስል ከውጪ ሆኖ መናገር አይቻልም። ስለዚህ «ለእውነት ራሱን ሠዋ» የሚለውን የተለመደ ሐረግ እኔ ራሴ በጻፍኩለት የሕይወት ታሪክ ረቂቅ ውስጥ አላስገባሁትም። የሠዋው ራሱን ብቻ አይደለም፤ መሥዋዕትነት የሚለው ቃልም ሌሎቹ ተጠይቀው እንደሆነ አይነግረንም።

የሕይወት ታሪኩን ረቂቅ በወጉ፣ በአንቱታ፣ ለቀብር እንደሚነበብ አድርጌ ጽፌው ነበር። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚያ ረቂቅ ነው። የመዝጊያውን ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ለወጥኩት። «ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ» አልኩና ሰረዝኩት፤ ማንም አልነገረኝም። «ደብዛቸው ጠፋ» አልኩ፤ ያም የአድራጊውን እጅ ደብቆ ሰውየው በገዛ እጁ የጠፋ ያስመስለዋል። «ተሰወሩ» አልኩ፤ እርሱ ደግሞ ለጻድቃን ይነገራልና ወደ ገድል አዞረብኝ። በመጨረሻ አንድ ዘጋቢ በማስረጃ ሊቆምለት የሚችለውን ያህል ብቻ አስቀረሁ። ረቂቁ አሁን የሚያበቃው እንዲህ ነው።

«አቶ በዓሉ ግርማ በጋዜጣ አዘጋጅነት፣ በማስታወቂያና በመርሐ ብሔር ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪነትና በደራሲነት አገራቸውን አገልግለዋል። ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት ናቸው። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤታቸው ወጡ።»